የ«መንገደኛ» ድርሰት

ጥቅምት 12፣ ዓርብ

ድርሰቶቹ መጡ። ምስጋናው ሁለት ፌስታል ሙሉ ወረቀት በረክሻ ጭኖ እዚህ ኦምዱርማን ድረስ አመጣልኝ። የሐበሻ ክበባችን ጸሐፊ ሆኖ እንደሱ የሚንከራተት ሰው አላየሁም። ሻይ እንኳን ቁጭ ብሎ ሳይጠጣ «ያላ፣ ናርዶስ ትጠብቀኛለች» ብሎ ወጣ።

ከመውጣቱ በፊት «ይሄ ሁሉ?» ስለው፣ «ዘንድሮ ሳይንስ ሲባል ሰው ሁሉ ሳይንቲስት ሆነ! ከካይሮ፣ ከትሪፖሊ፣ ከጀርመን ሳይቀር ልከዋል» አለኝ።

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ይሁን ያለችው የዳኞቹ ሰብሳቢ ናርዶስ ናት። በየዓመቱ ለኮሚኒቲው ሽልማት የሚመጣው ድርሰት በረሃና ባሕር፣ ባሕርና በረሃ ነው። የሽልማቱ ቀን አዳራሹ ለቅሶ ቤት ይሆናል። «ዘንድሮ ወደፊት ብቻ ነው የምናየው፤ ማንም ማንንም አይቀብርም» አለች። «ሰማሕ ዳኛ ትሁን» ብላ እኔንም ያስገባችኝ እሷው ናት። የፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ ሮኬቱ ይነሳ አይነሳ የምፈርድ መስሏታል። ሦስተኛው ዳኛ የአማርኛ አስተማሪው ጋሼ ገብረየስ ናቸው። ሮኬቱ ቢነሳም ባይነሳም ግድ የላቸውም፣ አማርኛው ብቻ አይሰበር።

ደንቡ የድሮው ነው። ሁሉም በብዕር ስም ይጽፋል፣ ምስጋናውም ሁሉንም በኮምፒውተር ይተይበዋል። እውነተኛውን ስም የሚያውቀው ምስጋናው ብቻ ነው፣ እሱም ምሏል። በሽልማቱ ቀን የአንደኛው ስም ብቻ ይጠራል፤ አዳራሽ ውስጥ ካለ ይነሳል፣ ሌላ አገር ካለ ምስጋናው ስሙንና ያለበትን ያነባል። የተቀሩት ስም መቼም አይወጣም። ጥቂት ሰዎች ስለሆንን፣ የተሸነፈ ሰው ከታወቀ በየሰርጉ መሳቂያ ይሆናል። ለእኛ ለዳኞች ደግሞ አንድ ደንብ አለ፤ ከአጻጻፉ የጸሐፊውን እጅ ያወቀ ዳኛ ተናግሮ ይወጣል።

እማ ፌስታሎቹን አይታ «የፈተና ወረቀት ነው?» አለች።

«አይ፣ የሰው ሕልም ነው።»

«እሱንም ታርሚያለሽ?» አለችኝ።

ጥቅምት 14፣ እሑድ

በአንዱ ድርሰት ጨረቃ ላይ ንፋስ ነፍሶ የጀግናዋን ነጠላ ወሰደው። ወላሂ፣ ብቻዬን ጮህኩ! ሌላው ደግሞ በብርሃን ፍጥነት እየበረረ ለትራፊክ ፖሊስ ጉቦ ይሰጣል። ይሄኛውን እንኳን አምኜዋለሁ፤ ጸሐፊው ካርቱም ያደገ ሰው ነው።

ግን ናርዶስ አልተሳካላትም። ሮኬት እያሉ የሚጽፉት ጀልባ ነው። ሮኬቱ ከልኩ በላይ ሰው ይጭናል፣ አብራሪው ብሩን ተቀብሎ መሀል ላይ ይጠፋል፣ ውሃ ያልቃል፣ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። እያንዳንዱን ሳነብ «አሁን ነዳጅ አለቀ ይላል» እላለሁ፣ ነዳጁም ያልቃል። ስሜቱ ይገባኛል፤ ፊዚክሱ ግን እግዜር ያሳያችሁ።

አንድ ያሳቀኝ አለ፤ «ኩርፊያ» ይላል፣ የጸሐፊዋ የብዕር ስም «የጣኢፏ»። ሳውዲ፣ አል-ጣኢፍ ያለ አንድ ሀብታም ቤት የቤት ሥራ የሚሠራ ማሽን ይገዛና ሠራተኛዋን «ከመሰናበትሽ በፊት አሠልጥኝው» ይሏታል። እሷም ሁሉን ታሳየዋለች፤ ማኩረፍንም ጭምር። ከዚያ ማሽኑ ካኮረፈ ማን ያባብለው? መልሰው እሷን ይጠራሉ። እስካሁን አንደኛዬ ነው።

ጥቅምት 15፣ ሰኞ

ኔት የለም። ስልክም እንደሌለ ነው። ወታደር ሌሊቱን መንግሥቱን ያዘ ይላሉ። ድልድዩ ተዘግቷል። ትምህርት የለም። ቴሌቪዥኑ ማርሽ ብቻ። ጎማ ይቃጠላል። እማ «ወገኖቼ ጋ ደውዪልኝ» ትላለች። በምን ልደውል?

ጥቅምት 17፣ ረቡዕ

መብራት የለም፣ ወሬም የለም። ጠዋት በረንዳ ላይ ሆኜ ለእማ ድርሰት አነበብኩላት። የሙሉኺያ ቅጠል ለወጥ እየቀነጠሰች ትሰማለች። የጽጌን ጾም ይዛለች፣ እኔም አብሬ ሳልወድ ጾመኛ ሆኛለሁ።

«ዚር» የሚለውን አነበብኩላት። የብዕር ስሙ «መንገደኛ» ይላል። ማርስ ላይ ብቻውን የቀረ ሰው ነው። ሌሎቹ ይሙቱ ይመለሱ አልተነገረም። ሰውየው ከቤቱ ደጃፍ ላይ ዚር አስቀምጧል፤ እንደኛ ሰፈር፣ ለአላፊ አግዳሚ ውሃ የሚቀመጥበትን የሸክላ ጋን። ጠዋት ጠዋት የጠፈር ልብሱን ለብሶ ይወጣል፣ በረዶውን በመዶሻ ይሰብራል፣ አዲስ ውሃ ይሞላል፣ ጣሳውን እንዳይሰረቅ በሽቦ ከጋኑ ጋር አስሮ ይገባል። የሚሰርቅ የለም። የሚጠጣም የለም። አንድ ቀን በሩን ሲከፍት በረዶ የለም፣ ውሃው ደግሞ አንድ ጣሳ ያህል ጎድሏል። ጣሳው ውስጡ እርጥብ ነው። እዚያ ላይ ያበቃል።

«አላለቀም» አልኩ። «ደግሞም አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ ማርስ ላይ እየፈላ ነው በረዶ የሚሆነው። የጎደለው ተንኖ ነው።»

እማ ሙሉኺያውን አስቀምጣለች።

«ይሄን የጻፈው አነስ ነው» አለች።

ስሙን ከጠራነው ስንት ጊዜያችን። አነስ፣ ታናሽ ወንድሜ። በሊቢያ በኩል ሄዶ፣ ከኩፍራ ደውሎ «ደህና ነኝ፣ ቻርጅ የለኝም» አለ። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። አራተኛ ዓመቱን ይዟል። እኔ ማታ ማታ ስለሱ አላስብም፤ ማሰብ ምን ይጠቅማል?

«እማ፣ ዚር የሌለበት በር ኦምዱርማን ውስጥ አሳዪኝ።»

«ሽቦውስ?»

አባቴ፣ አቡይ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሱቅ ዐረቢ መስመር ሃፍላ ሾፌር ነበር። ጣሳውን ከአውቶብሱ ባወጣው ሽቦ አስሮት ነበር። ዚሩን የሚሞላው አነስ ነው፤ ከትምህርት ቤት በፊት፣ እያጉረመረመ። «ማን ይጠጣዋል? ማን?» ይል ነበር።

«ጣሳውን ሁሉም ሰው ያስራል፣ እማ» አልኳት።

«እሺ» አለች። ወደ ሙሉኺያዋ ተመለሰች፣ ግን አገዳውንም ቅጠሉንም አንድ ላይ ነው የከተተችው።

ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ

ሰልፍ። ቡምባኑ፣ አስለቃሽ ጭሱ፣ ግቢያችን ደረሰ፣ ዓይናችን ጠፋ። እማ ፊቷን በእርጥብ ፎጣ ሸፍና «አንብቢልኝ» አለች። ምኑን ብዬ አልጠየቅኩም።

ጥቅምት 26፣ ዓርብ

ድልድዩ ስለተከፈተ ናርዶስ ጋ ሄድኩ። ሱቅ ዐረቢ አጠገብ ያለው ፋርማሲዋ ግማሹ መደርደሪያ ባዶ ነው፤ እሷ ግን ነጭ ገዋን ለብሳ ቆማለች።

«አነበብሽ?»

«እያነበብኩ ነው።»

«‹ዚር›ን? ሰማሕ፣ እኔ እኮ ማንም ያልሞተበት ድርሰት ነው ብዬ ጀምሬ ስነፋረቅ ደንበኛ ገባብኝ። ሰውየው የራስ ምታት ኪኒን ጠይቆ እሱ እኔን ሲያጽናና ዋለ!»

ሳቅኩ። ምስጋናውም እዚያ ነበር። ካርቶን ላይ ቁጭ ብሎ ፉል ይበላል። ይሄ ሰው ያውቃል። ዳቦውን እየቆረሰ ያውቃል። «ከሊቢያ ስንት ድርሰት መጣ?» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንደ ዋዛ፣ እንደ ቀልድ አድርጌ። ግን «ሽንኩርት ጨምርበት» አልኩት።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ሽንኩርት!

ኅዳር 3፣ ዓርብ

እማ አዲስ ዚር አስመጣች። የአቡይ ከተሰነጠቀ በኋላ ማንም አልተካውም ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ሙዕተዝ ነው በአህያ ጋሪ ጭኖ ያመጣላት፤ ከአነስ ጋር አብሮ ያደገ ነው። እማ ሽቦ ስታስርለት አጠገቧ ተንበርክኮ «ኻልቲ፣ እንዲህ አይደለም፣ በእኛ ቤት ሁለቴ ነው የምንጠመዝዘው» አላት፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው።

«ሰማሽ?» አልኳት በኋላ። «በነሱም ቤት በሽቦ ነው።»

«ሁለቴ ነው የሚጠመዝዙት» አለች። «እኛ አንዴ ነው።»

«ድርሰቱ ውስጥ ስንቴ እንደጠመዘዘ አይልም!»

«አየሽ፣ ታዲያ አንዴ ነው።»

ከዚህች ሴት ጋር ማን ይከራከራል? ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ለሴቶቹ ሁሉ «የደራሲ እናት ሆንኩ» እያለች ታወራለች አሉ። እኔን ነው የመሰላቸው። አንዷ መንገድ ላይ አቅፋ እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ። አመሰገንኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ዛሬ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። «መንገደኛ» ሰውየው ሲጠራጠር አንገቱን እንደሚያክ ጽፏል። አነስም ያክ ነበር። ሰው ሁሉ አንገቱን ያካል፣ አውቃለሁ። አውቃለሁ አልኩ እኮ።

ኅዳር 10፣ ዓርብ

ትናንት ኔት ተመለሰ። ስልኬ ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ። መልእክት፣ መልእክት፣ መልእክት። ሁሉንም ከላይ እስከ ታች አየሁ። ከዚያ የሱን ስም ከፈትኩ። ፎቶው ያው ነው፤ የኔን መነጽር አድርጎ፣ ምላሱን አውጥቶ። የጻፍኩለት ሁሉ አንድ ምልክት ብቻ አለው፤ አልደረሰም ማለት ነው።

«ዚር አነበብኩ» ብዬ ጻፍኩለት። አንድ ምልክት።

መነጽሬን መልስልኝ አንተ ባለጌ። ናፍቀኸኛል። ናፍቀኸኛል። በቃ ጻፍኩት።

ኅዳር 16፣ ሐሙስ

ነገ እንፈርዳለን። «ዚር»ንና «ኩርፊያ»ን ደግሜ አነበብኩ።

የሚገባኝን በሥርዓት ላስቀምጥ። አንደኛ ካልወጣ የ«መንገደኛ» ስም መቼም አይጠራም። ምስጋናው አፉ ብረት ነው። እኔ ነገ አንድ ቃል ካልኩ፣ ሁለት ሳምንት ታግሠን ስሙን አዳራሽ ውስጥ እንሰማለን። ያለበትን አገር እንኳን ይነግረናል። ያለበትን!

ወይም ደግሞ ለናርዶስ «እጁን ያወቅኩ መስሎኛል» ብዬ መውጣት አለብኝ። ግን አላወቅኩማ። እማ ናት ያወቀችው። እማ ዳኛ አይደለችም።

«ዚር» መጨረሻው ደካማ ነው። ይሄን ከመጀመሪያው ቀን ብያለሁ።

እማ ልትተኛ ስትል በሩ ላይ ቆማ «ነገ ነው አይደል?» አለች። ነው አልኳት። ሌላ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። «ሹራብ ልበሺ፣ ብርድ ገብቷል» ብላ ሄደች።

ኅዳር 17፣ ዓርብ

ከፋርማሲው ጓዳ ተቀመጥን። ናርዶስ እንደ ደንቡ ጠየቀች፤ «ከመጀመራችን በፊት የማንንም እጅ ያወቀ አለ?»

ጋሼ ገብረየስ «እኔ የማውቀው የተማሪዎቼን ስሕተት ነው፤ እሱን ሁሉም ላይ አይቻለሁ» አሉ።

«ሰማሕስ?» አለችኝ ናርዶስ።

«የለም» አልኩ። ድምፄ ደህና ነበር።

ጋሼ ለ«ኩርፊያ» ሰጡ። «በዚህ ዕድሜዬ በማሽን እስቃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ደግሞ አማርኛዋ! ይህች ልጅ የት ነበረች?» አሉ። ናርዶስ ለ«ዚር» ሰጠች። ጋሼ ቀለዱባት፤ «ለቅሶ የከለከልሽው አንቺ፣ ያመጣሽውም አንቺ!»

«እንግዲህ የኔ እመቤት፣ አንቺ ነሽ የቀረሽው» አለችኝ ናርዶስ። ቀድማ ፈገግ ብላለች፤ «ዚር» እንደምል እርግጠኛ ናት።

«‹ኩርፊያ›» አልኩ።

«አንቺ? ካነበብሽው ወዲህ እኮ ስለሌላ ድርሰት አውርተሽ አታውቂም!»

«ውሃው ይተናል። ማርስ ላይ ጋን ሙሉ ውሃ ከቤት ውጭ አይቆይም። መጨረሻውም ደካማ ነው፣ ጥሎን ይሄዳል። ውሃውን ማን እንደጠጣው የመናገር ግዴታ ነበረበት።»

ናርዶስ ብዕሯን ከደነች። ጋሼ ገብረየስ ግን በጥያቄ አይን ነው ያዩኝ፤ «የኔ ልጅ፣ የማሽን ማኩረፍን ፊዚክሱ ይፈቅዳል?» አሉኝ። ወረቀቶቼን ሰበሰብኩ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው «ይሁን፣ ጥሩ ድርሰት ነው ያሸነፈው» አሉ።

እውነትም ጥሩ ድርሰት ነው። ማንም ገለልተኛ ዳኛ ይሄንኑ ይላል።

በሃፍላ ስመለስ ድልድዩ ላይ ቆመን ቀረን። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። አልቅሼ አላውቅም፤ የዛሬው የጭሱ ነው።

ኅዳር 24፣ ዓርብ

ውጤቱን ለእማ አልነገርኳትም። ሚስጥር ነው፣ ደንብ ነው። ለሽልማቱ ቀን የምትለብሰውን ቶብ አውጥታ አየር አስመታችው፤ አቡይ የገዛላትን ሰማያዊውን። ዚሩን እየሞላች ስታንጎራጉር ሰማኋት። 

ታኅሣሥ 1፣ ዓርብ

የአዳራሹ ወንበር ሞልቶ ሰው ቆሟል። ከዚህ ሁሉ ሳምንት በኋላ ሰው መሰብሰብ አምሮት ነው። እማ ሰማያዊ ቶቧን ለብሳ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እኔ ከዳኞቹ ጋር መድረክ ላይ ስለሆንኩ ፊቷን ሙሉ ለሙሉ ማየት ነበረብኝ።

ምስጋናው ወረቀቱን ዘርግቶ፣ «አንደኛ፣ ‹ኩርፊያ›! ‹የጣኢፏ› ትነሳልን!» አለ።

ሰው ሁሉ ሴት ፍለጋ አንገቱን አዞረ። ከኋላ የተነሳው በቀለ ፍሪጅ ጠጋኙ ነው! ያ ግንድ የሚያህል ሰውዬ፣ ላቡ ፊቱን ሞልቶት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «የስንቅነሽን ነው የጻፍኩት፣ እሷ ናት ያስተማረችው» ብሎ ሚስቱን ጎትቶ አስነሳት። ስንቅነሽ አል-ጣኢፍ ብዙ ዘመን ሰው ቤት የሠራች ናት። በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና፣ እየሳቀች፣ በሌላ እጇ ትመታዋለች። ደስ ሲሉ! ቢሆንም እኔ እማን ነበር የማየው። ታጨበጭባለች። ከሁሉም በላይ ታጨበጭባለች።

ሰው ሲበተን ምስጋናው ወደ እማ መጣ። እኔም ከመድረክ ወርጄ አጠገቧ ደርሻለሁ። የእማ ወሬ እሱም ጆሮ ደርሷል ማለት ነው።

«እማማ ሙላቷ» አለ ዝቅ ብሎ፣ «እኔ እንኳን ምያለሁ። ግን የእናት ነገር ነው። እርስዎ ከጠየቁኝ እግዜር ይቅር ይለኛል። ‹መንገደኛ›ን...»

እማ መዳፏን አፉ ላይ ከደነችው። እንደ ሕፃን ልጅ፣ ሰው እያየ።

«ተው ልጄ» አለች። «መሐላህን ጠብቅ። እኔ አልጠየቅኩህም።»

የምስጋናውን ፊት ለማንበብ ሞከርኩ። ከእጇ በላይ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው፤ ምንም አይልም። «እማ!» ብዬ ጮህኩ። «ይናገር!» እሷ ግን ቶቧን ሰብስባ ወደ በሩ ሄደች። ተከተልኳት። ለምን ተከተልኳት? ዞር ብዬ እኔው ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር። እዚያው ቆሞ ነበር እኮ፣ እስክንወጣ ድረስ።

ታኅሣሥ 2፣ ቅዳሜ

ትናንት በሃፍላው ውስጥ አልተነጋገርንም። ተናድጄ ነበር፣ በጣም። ዛሬ ጠዋት በረንዳ ላይ ዚሩን ስትሞላ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

«ከጥቅምት ጀምሮ ‹አነስ ነው፣ አነስ ነው› ስትዪ ከርመሽ፣ ሊነግርሽ ሲል አፉን ትዘጊያለሽ?»

«ሌላ ሰው ቢሆንስ?» አለች።

ውሃውን ማፍሰሷን አላቆመችም።

«ትናንት እዚያ ቁጭ ብዬ ምን ብዬ ስጸልይ እንደነበር ታውቂያለሽ? ‹እመቤቴ፣ የሱ አይጠራ› ስል ነበር። ቢጠራና አንዱ የማላውቀው ሰው ‹እኔ ነኝ› ብሎ ቢነሳብኝ፣ ወዴት እገባለሁ? አሁን እኮ አለኝ። ማርስ ላይም ቢሆን አለኝ። ጠዋት ተነስቶ ውሃ ይሞላል።»

የዚሩን ክዳን ያዝኩላት።

«የፈረዳችሁ ዓርብ ስትመለሺ ፊትሽን አይቼ ገብቶኛል» አለች። «ደግ አደረግሽ ልጄ። አንቺም ፈርተሽ ነው።»

«እኔ አልፈራሁም። የፈረድኩት በሥነ ጽሑፍ ነው። መጨረሻው ደካማ ነው አልኩሽ።»

«እሺ» አለች እማ።

ከዚያ ጣሳውን ከነሽቦው አነሳች፣ ቀድታ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ።

መጨረሻው ደካማ አልነበረም። ከሁሉም ድርሰቶች የሚበልጥ መጨረሻ ነው፤ ካነበብኩበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።